ስለ «አመጽ ማነሳሳት» ስንከራከር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሰው በተናገረው ነገር በታሰረ ቁጥር ክርክሩ ስለ ሰውየው ይሆናል፤ የእኛ ነው ወይስ የእነሱ? የተከሰሰበትን አንቀጽ አውጥቶ የሚያነብ ጥቂት ነው። አብዛኞቹ ስህተቶች የሚወለዱት ከዚህ ነው።

«ቲያትር ቤት ውስጥ እሳት ብሎ መጮህ አይቻልም» ብሎ ነገሩን መዝጋት

ምሳሌውን ያመጡት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛው ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1919። ያሉት «በሐሰት» ለሚጮህ ነበር፤ ሲጠቀስ ግን ይህች ቃል ትዘለላለች። ፊታቸው የቀረበው ጉዳይም እሳት አልነበረበትም፤ ቻርልስ ሼንክ የተባለ ሶሻሊስት የግዳጅ ውትድርናን የሚቃወም ወረቀት አሰራጭቶ ነው የተፈረደበት። በሳምንቱ ይኸው ፍርድ ቤት ጦርነትን ተቃውሞ ንግግር ያደረገውን የዩጂን ዴብስን የ10 ዓመት እስራት አጸና። ዴብስ በ1920 እስር ቤት ሆኖ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ፤ ከ900,000 በላይ ሰው መረጠው። መለኪያው የተለወጠው በ1969 ነው፦ ንግግሩ ወዲያውኑ ሕገወጥ ድርጊት እንዲፈጸም ታስቦ የተደረገና ያንን የማስከተል ዕድሉም ሰፊ ካልሆነ በስተቀር አያስቀጣም። በዚህ የዳነው የኩ ክለክስ ክላን (የነጭ ዘረኞች ቡድን) መሪ መሆኑ ያናድዳል። መለኪያው ግን የሚፈተነው በሚያናድድ ሰው ነው።

መንግሥትን አለመውደድን ወንጀል ማድረግ

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1870 ሕንድ ውስጥ ያስገቡት አንቀጽ 124ሀ በመንግሥት ላይ ቅሬታ የሚቀሰቅስን ሰው ይቀጣ ነበር። ጋንዲ በ1922 በዚሁ ሲከሰሱ ጥፋታቸውን አመኑ፤ ፍቅር በሕግ አይታዘዝም ብለውም ተከራከሩ። 6 ዓመት ተፈረደባቸው። አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላም አንቀጹ ከ70 ዓመት በላይ ኖረ። ጌታው ሄደ፣ አለንጋው ቀረ።

«ከሠለጠኑት አገሮች የተወሰደ ነው» በሚል መርካት

የእኛው የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ሽብርን ማበረታታትን ይቀጣ የነበረው አንቀጽ 6 ሲወቀስ ይህ መከራከሪያ ይነሳ ነበር። አባባሉ በእርግጥ እ.ኤ.አ. ከ2006ቱ የብሪታኒያ ሕግ ጋር ይመሳሰላል። ቅጣቱስ? ያኔ የእነሱ ጣሪያ 7 ዓመት ነበር፤ የእኛ መነሻው 10፣ ጣሪያው 20። ደግሞም የሚመዘነው አንባቢው «በተዘዋዋሪም» ቢሆን ማበረታቻ አድርጎ ሊረዳው መቻሉ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን በይዘቱና ሊያስከትል በሚችለው አስተሳሰባዊ ውጤት መገደብ እንደማይገባ ይናገራል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ብቻ ብዙ ያስተምራል። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በቁጥር 1176 ተተክቷል።

«ንግግር ማንንም አይገድልም» ማለት

የሩዋንዳው አርቲኤልኤም ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1994 የሚገደሉ ሰዎችን ስምና መሸሸጊያ ያሰራጭ ነበር። ያ መንግሥትን መንቀፍ አይደለም፤ የግድያ አንድ አካል ነው። በዚህ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም።

ሕጉ ሁልጊዜ ሌላውን ብቻ የሚመታ አድርጎ ማሰብ

እ.ኤ.አ. በ1798 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ፕሬዚዳንቱንና ኮንግረስን በሐሰት ማጥላላትን ከለከለ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ግን የሉበትም፤ ቶማስ ጄፈርሰን የተቃዋሚው ወገን ነበሩና። የሚያበቃበት ቀን ደግሞ ማርች 3 ቀን 1801 ነበር፣ አዲሱ ፕሬዚዳንት ሥልጣን ከሚይዝበት ከአንድ ቀን በፊት። አርቃቂዎቹ በትሩ ተመልሶ በራሳቸው ላይ እንዳያርፍ የተጠነቀቁ ይመስላል። ምርጫውን ያሸነፉት ጄፈርሰን ሆኑ፤ በሕጉ የተቀጡትንም ማሩ።