ፍላትስ ቦት ወይስ ባስ ቦት? እኔ የተሳሳትኩትን አትሳሳቱ

እቁብ ደረሰኝና ጀልባ ገዛሁ። ባለቤቴ ገንዘቡን ለቤት ነበር ያሰበችው። እሷ ሥራ ላይ እያለች፣ ባለ 19 ጫማ፣ ፀሐይ ሲነካው እንደ ሠርግ ልብስ የሚያብለጨልጭ ቀይ ባስ ቦት ጎትቼ መጥቼ በራችን ላይ አቆምኩት። ትዳሩ ተርፏል። ጀልባው ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላው በኪሳራ ተሸጠ። ምንም እንከን አልነበረበትም፤ ያለ ቦታው የወሰድኩት እኔ ነኝ።

የምኖረው ሂውስተን ነው። ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ያህል ብትነዱ ሌክ ኮንሮ አለ፤ ጨው የሌለው ውሃ፣ ባስ የሚባለው ዓሣ አገር። ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ብትነዱ ደግሞ ጋልቨስተን አለ፤ ጨው ውሃ፣ ሬድፊሽና ትራውት የሚባሉት ዓሦች አገር። እኛ መሃል ላይ ነን። ስለዚህ እዚህ ከተማ ጀልባ ያማረው ሰው ሁሉ «ፍላትስ ቦት ልግዛ ወይስ ባስ ቦት?» የሚል አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዞ ይደውልልኛል፤ ከዚህ በታች ያለው በስልክ ስለፈልፍ የምውለው ነው።

ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልንገራችሁ። ባስ ቦት ጨው ለሌለው ሐይቅ የተሠራ፣ ረዘም፣ ዝቅ ያለ ጀልባ ነው። ከኋላው ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 250 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር፣ አፍንጫው ላይ ደግሞ በእግር የሚነዳ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር (ትሮሊንግ ሞተር የሚሉት) አለው። ፍላትስ ቦት ጥልቀት ለሌለው ጨው ውሃ የተሠራ፣ ቀለል፣ አጠር ያለ ነው። የመወርወሪያውን ክር የሚይዝ ነገር እንዳይኖር ተብሎ ላዩ ሙልጭ ያለ ነው። ከሞተሩ በላይ የማሳ ጠባቂ ማማ የመሰለ መቆሚያ አለው፤ አንዱ ሰው እዚያ ላይ ይወጣና 20 ጫማ አካባቢ በሆነ ዘንግ የውሃውን ወለል እየገፋ ጀልባውን ያለ ድምፅ ያስጠጋል፣ ሌላው ፊት ለፊት ቆሞ ዓሣውን በዓይኑ እያየ ይወረውራል። ጣና ላይ ታንኳ በቀርከሃ ሲገፋ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

የመጀመሪያው ስህተት፦ ጀልባውን ከውሃው በፊት መምረጥ

የእኔ ይሄ ነው። የባስ ውድድር በቴሌቪዥን አይቼ ጀልባው ልቤን ወሰደው። ጋሼ የምላቸው፣ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት ያጠመዱ ሰው ጀልባውን ለማየት መጥተው አንዴ ዞሩትና ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ባለፈው ዓመት ስንቴ ወጣህ?»

«አሥራ አራት ጊዜ ብል ነው።»

«ስንቱ ጨው ላይ ነበር?»

ዝም አልኩ። አሥራ አንዱ ጋልቨስተን ነበር፣ በሰው ጀልባና ከዳር ቆሜ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ እኔ ዓሣ የማጠምደው ለመብላት ነው። ባስ የሚያጠምዱት አብዛኞቹ ይዘው፣ ፎቶ ተነስተው፣ መልሰው ይለቁታል። እኔ ሬድፊሹን ወደ ቤት አምጥቼ ጉላሽ ካልሆነ ያጠመድኩ አይመስለኝም። ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ ከ20 እስከ 28 ኢንች የሆነ ሬድፊሽ በቀን ሦስት መያዝ ይፈቀዳል፤ ለአንድ ቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው።

ስለዚህ ማንም ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምለው ይሄን ነው፤ ስልክህን ክፈት፣ የዓመቱን የዓሣ ፎቶዎች ቁጠር፣ የት የት እንደተነሱ ተመልከት። «ወደፊት ሐይቅ ላይ አዘወትራለሁ» የሚባለውን አትቁጠር። ሰው ጀልባ ስለገዛ ልማዱን አይቀይርም።

ሁለተኛው፦ «ሁለቱም ጥልቀት በሌለው ውሃ ይሄዳሉ» ማለት

ይሄ አባባል ብዙ ሰው አስጠልፏል። ባስ ቦት ቆሞ ሳለ ከአንድ ጫማ በላይ ውሃ ውስጥ ይጠልቃል። ፍላትስ ቦት ግን ከአንድ ጫማ በታች ነው፣ አንዳንዱ 6 ኢንች አካባቢ ውሃ ይበቃዋል። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ጋልቨስተን ውስጥ ግን ሬድፊሹ ጀርባው እየታየ የሚርመሰመሰው ልክ እዚያ ልዩነት ውስጥ ነው።

ሌላም አለ፤ ሻጭ የማይነግራችሁ። የሚነገራችሁ ቁጥር ጀልባው ቆሞ ሳለ ያለው ነው፤ ብዙ ጊዜም ያለ ሰው፣ ያለ በረዶ ሳጥን። ከቆመበት ተነስቶ ለመሮጥ ሲሞክር ግን አፍንጫው ወደ ላይ፣ ቂጡ ወደ ታች ይሄዳል፤ ያን ጊዜ የሚፈልገው ውሃ ከተጻፈው በጣም ይበልጣል። ሻጩን «ስንት ኢንች ላይ ይንሳፈፋል?» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። «ስንት ኢንች ላይ ቆሞ መነሳት ይችላል?» በሉት። መልስ ከሌለው ጀልባውን በደንብ አያውቀውም ማለት ነው።

እኔ ይሄን የተማርኩት ጋልቨስተን አጠገብ ባለው ዌስት ቤይ ውስጥ ነው። ጠዋት ውሃው ሞልቶ ሳለ በቀላሉ ገባን። እኩለ ቀን ላይ ባሕሩ ሸሸ፣ ጀልባው ጭቃ ላይ ቁጭ አለ። እኔና ጓደኛዬ ወርደን ልንገፋ ሞከርን፤ ያን የሚያክል ጀልባ በሁለት ሰው አይነቃነቅም። እግራችንን እየጎተትን ነው የምንራመደው፣ ስቲንግሬይ የሚባለው ጅራቱ መርዛም ዓሣ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ስለሚተኛ ሲረገጥ ይወጋልና። የጓደኛዬን ጫማ የኦይስተር (የባሕር ዛጎል) ስለታም ቅርፊት ሰንጥቆት፣ ደሙን እያየ «ባሕሩ እስኪመለስ እንቀመጥ በቃ» አለኝ። አምስት ሰዓት ተቀመጥን። የያዝነው ምግብ አንድ ዳቦ ነበር።

በነገራችን ላይ ሞተሩን እያስጓራችሁ በግድ ለመውጣት አትሞክሩ። ቴክሳስ ጠረፍ ላይ ባለችው ሮክፖርት አካባቢ ውሃው ስር የባሕር ሳር አለ፤ ትንንሾቹ ዓሦች የሚያድጉበት ነው። ቴክሳስ ውስጥ ከ2013 ጀምሮ (ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው) ያንን ሳር በፕሮፔለር መንቀል በሕግ ያስቀጣል፣ እስከ 500 ዶላር።

ሦስተኛው፦ ጨውን መናቅ

«ስንመለስ እናጥበዋለን» ትላላችሁ። እኔም ብያለሁ። አጥቤያለሁም። ግን ባስ ቦት ሲሠራ ጨው ታስቦ አይደለም፤ ብዙው እንደዚያ ነው። የማጥመጃ ዘንግ ማስቀመጫው ሳጥን ውስጡ ምንጣፍ ነው፤ ያ ምንጣፍ አንዴ የጨው ውሃ ከጠጣ ሳምንቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ በውስጡ ያለውን መንጠቆ ሁሉ ያዝጋል። ትሬለሩ (ጀልባው ተጭኖ የሚጎተትበት ጋሪ) ብዙ ጊዜ ቀለም የተቀባ ብረት ነው። ለጨው የሚሠራው ግን አልሙኒየም ወይም ዚንክ የተነከረ ብረት ነው። የእኔ ትሬለር በስምንተኛው ወር የፍሬኑ ቧንቧ አካባቢ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መነሳት ጀመረ። በጣቴ ስነካው ከስሩ ቡናማ ዱቄት ወረደ። ትሮሊንግ ሞተሩም ለጨው የሚሆነው ዓይነት አልነበረም፣ ለካ ለብቻው ይሸጣል። ቀጥሎ የሞተው እሱ ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፣ ዋጋዋ ትንሽ ሆና ትልቁን ሞተር የምታድን። ሞተሩ ላይ እሱን ተክቶ እንዲበላ ታስቦ የሚታሰር የብረት ቁራጭ አለ፣ አኖድ ይሉታል። ጨው ለሌለው ውሃ ማግኒዚየም ይታሰራል፤ ለጨው ውሃ ዚንክ ወይም አልሙኒየም። የማግኒዚየሙን ይዛችሁ ጨው ውስጥ ከገባችሁ ቶሎ ተበልቶ ያልቅና ዝገቱ ወደ ሞተሩ ያልፋል።

ፍላትስ ቦት ወደ ሐይቅ ሲሄድ ይሄ ጣጣ የለበትም። ሌላ ጣጣ አለበት እንጂ። ብርዱ አልፎ ሙቀቱ ሲገባ ሌክ ኮንሮ ቅዳሜና እሁድ በትልልቅ መዝናኛ ጀልባዎች ይጨናነቃል፣ እነሱ የሚያስነሱት ሞገድ ደግሞ ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነውን ጀልባ እንደ በርሜል ይደበድበዋል። ወገብ ያለው ሰው አይችለውም።

ፍጥነት ላይ መማረክ

ባስ ቦት ለምን እንደዚያ እንደሚበር ታውቃላችሁ? ከ1967 ጀምሮ ሬይ ስኮት የሚባል ሰው የባስ ውድድርን ትልቅ ነገር አደረገው። ውድድሩ ሰዓት አለው፤ ከአንዱ ዓሣ ያለበት ቦታ ወደ ሌላው ቶሎ የደረሰ ብዙ ይወረውራል። ዓሣው ተመዝኖ በሕይወት ስለሚለቀቅ ደግሞ ጀልባው ውስጥ አየር የሚነፋበት ገንዳ ያስፈልጋል። እንግዲህ ፍጥነቱም ገንዳውም ከዚያ ጋር የሚሄድ ነው። እናንተ ውድድር ካልገባችሁ በሰዓት 70 ማይል ለምን ትከፍሉበታላችሁ? ዓሣው እንደሆነ የትም አይሄድም።

ጋልቨስተን ቤይ ደግሞ ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ጎኑ ዝቅ ያለ ባስ ቦት እዚያ ውስጥ መሮጥ ቀርቶ መሄድም ይከብደዋል፤ ውሃው በፊቱ በኩል ይገባል።

የትኛውንም ብትገዙ ግን ከሞተሩ ማጥፊያ ጋር የሚያገናኛችሁን ገመድ እሰሩ። ከ26 ጫማ በታች በሆነ ጀልባ ላይ በፍጥነት ስትሄዱ ማሰር ከሚያዝያ 1 ቀን 2021 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ግዴታ ነው። ከመስከረም 1 ቀን 1993 ወዲህ የተወለደ ልጅ መሪውን እንዲይዝ ካሰባችሁ ደግሞ ቴክሳስ የጀልባ ትምህርት እንዲወስድ ትጠይቃለች።

ቤተሰቡን መርሳት

አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር። «እስቲ ጀልባህን አሳየኝ» አሉ። ከነጠላቸው በላይ ብርቱካናማ የሕይወት ጃኬት አስለብሼ፣ ባለቤቴን፣ ሁለቱን ልጆች፣ የቡናውን ቴርሞስ ይዤ ወጣሁ። ለአምስት ሰው ሁለት መቀመጫ ነው ያለው፤ የቀረው መቆሚያ ነው። አማቴ የዘንግ ሳጥኑ ላይ ተቀምጠው፣ ሞገድ በመጣ ቁጥር መያዣ የሌለበትን አየር እየጨበጡ፣ «ማርያም ማርያም» ሲሉ ዋሉ። ቡናው ሳይከፈት ተመለሰ።

ሁለቱም ጀልባዎች በምቾት የሚይዙት ሁለት ሰው ነው፣ ቢበዛ ሦስት። ከ20 ጫማ በታች በሆነ ጀልባ ላይ ስንት ሰውና ስንት ፓውንድ እንደሚችል የሚናገር ሰሌዳ ተለጥፎ ታገኛላችሁ፤ ከቀለሙ በፊት እሱን አንብቡ። ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀልባው ሲሄድ ጃኬቱን ለብሶ መቀመጥ አለበት።

እውነቱን ልንገራችሁ? ከሚደውሉልኝ ሰዎች ግማሹ የሚያስፈልገው ሦስተኛ ዓይነት ነው፤ ቤይ ቦት የሚባለው። ከ20 እስከ 24 ጫማ፣ ጎኑ ከፍ ያለ፣ ለጨው የተሠራ፣ ቤተሰብ የሚያስቀምጥ። ፍላትስ ቦት የሚገባበት ሁሉ አይገባም፣ እንደ ባስ ቦትም አይበርም፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ግን አማታችሁ ቡናቸውን ይጠጣሉ።

መኪናውንና ቀሪውን ወጪ አለማስላት

ይሄን ቶሎ ልጨርሰው። ጀልባው ብቻውን አይጎተትም። ትሬለሩ አለ፣ ነዳጁ አለ (40 ጋሎን ማለት 240 ፓውንድ ነው)፣ ባለ 36 ቮልት ትሮሊንግ ሞተር ካለው ሦስት ባትሪ ለእሱ፣ አንድ ደግሞ ለትልቁ ሞተር። ትልቅ ባስ ቦት ከነጓዙ 4,000 ፓውንድ አካባቢ ይደርሳል፣ ትንሽ ፍላትስ ቦት ግን ግማሹ ሊሆን ይችላል። የመኪናችሁን የመጎተት አቅም መጽሐፉ ላይ እዩ፣ የጎረቤትን ቃል አትመኑ። የሰፈር ማኅበር ያለበት ቤት ከሆነ የምትኖሩት ደግሞ ጀልባ በር ላይ ማቆም መፈቀዱን ቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ ደብዳቤው የደረሰኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው።

ያገለገለ ጀልባ ውሃ ላይ ሳያወጡ መግዛት

አሁን ያለኝ ያገለገለ ባለ 17 ጫማ ፍላትስ ቦት ነው፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ የማያብለጨልጭ። ሳልገዛው በፊት ሞተሩ የታሰረበትን የኋላ ግድግዳ በእጄ ገፋሁ፤ ሞተሩን ከታች ይዤ ወደ ላይና ወደ ታች ስነቀንቀው ግድግዳው አብሮ መነቃነቅ የለበትም፣ ከተነቃነቀ ውስጡ በስብሷል። ክዳኖቹን ሁሉ ከፍቼ አሸተትኩ። ሽቦዎቹ ጫፋቸው ዝጎ አረንጓዴ መሆን አለመሆኑን አየሁ። ከዚያ ሻጩን «ውሃ ላይ እናውጣው» አልኩት። ደስ አላለውም፣ ግን ወጣን፤ ሁለት ጫማ በማይሞላ ውሃ ላይ አቁሜ እንዲያስነሳው ጠየቅኩት። ተነሳ።

ከእሱ በፊት ያየሁት ሌላ ሻጭ «ሞተሩ ጋራዥ ውስጥ ሲነሳ ሰማኸው አይደል፣ ምን ያስወጣናል?» ብሎኝ ነበር። እጁን ጨብጬው ወደ መኪናዬ ሄድኩ።