ለድረ ገጽ የሚሆን የምስል ፋይል አመራረጥ

በባሕር ዳር የእንግዳ ማረፊያ ወይም በጣና ላይ የጀልባ አገልግሎት ያለው ሰው ድረ ገጽ ሲያዘጋጅ፣ የፋይሉን ዓይነት መምረጥ ያለበት በምስሉ ላይ የሚታየውን ነገር አይቶ ነው።

ለፎቶ፣ ለምሳሌ ለታንኳ ወይም ለዑራ ኪዳነ ምሕረት የግድግዳ ሥዕሎች ፎቶ፣ ጄፔግ (JPEG) የሚባለው የፋይል ዓይነት ይስማማል። ጄፔግ ምስሉን ጎናቸው 8 በ8 ፒክስል (ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) በሆኑ ካሬዎች ከፋፍሎ ዓይን በቀላሉ የማይለየውን ዝርዝር ስለሚጥል፣ የፋይሉን መጠን በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። የጥራት ልኩን ከ100 80 አካባቢ ማድረግ ለአብዛኛው ፎቶ ይበቃል፤ በጣም ዝቅ ከተደረገ ግን በሐይቁ ላይ ጀንበር ስትጠልቅ የተነሣው ሰማይ ካሬ በካሬ ሆኖ ይታያል። የተጣለው ዝርዝር ተመልሶ ስለማይገኝ፣ ዋናውን ፋይል ሳይነኩ አስቀምጦ ማስተካከያውን ሁሉ ከእርሱ ቅጂ ላይ መሥራት ይገባል። ፎቶ አንሺው በቴሌግራም የሚልክ ከሆነም «እንደ ፋይል ላክልኝ» ማለት ያስፈልጋል፤ እንደ ፎቶ የተላከው ተጨምቆ ነው የሚደርሰው።

ጽሑፍ ላለበት ምስል ጄፔግ አይመከርም። በፊደሉ ጠርዝ ዙሪያ ብዥታ ስለሚተው፣ በተለይ በደቃቅ ጽሑፍ ላይ ካዕቡን «ሉ» ከሣልሱ «ሊ» የምትለየው ትንሽ ቅጥያ ከመሃል ትሁን ከእግር ሥር ለመለየት ያስቸግራል። ፒኤንጂ ምንም ሳይጥል ስለሚያስቀምጥ ፊደሉ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ዳራ የሌለው ምስልም ይቀበላል። ፎቶን በፒኤንጂ ማስቀመጥ ግን ገጹን ያለ ጥቅም ማክበድ ነው። ሎጎ ከሆነ ኤስቪጂ ይሻላል፤ ቅርጹን በመስመር ስለሚገልጽ የቱንም ያህል ቢጎላ አይደበዝዝም። የጀልባ ዋጋ ዝርዝርን በተመለከተ፣ በእኔ እምነት ጭራሹን በምስል መቅረብ የለበትም፤ በጽሑፍ ሲሆን ይፈለጋል፣ ይገለበጣል፣ ዋጋው ሲለወጥም በቀላሉ ይታረማል።

ጉግል በ2010 ያስተዋወቀው ዌብፒ የጄፔግንም የፒኤንጂንም ሥራ ይሠራል፤ በተቀራራቢ ጥራት ከጄፔግ አብዛኛውን ጊዜ ያንሳል፣ የዛሬዎቹ ዋና ዋና ብራውዘሮችም ያነቡታል። ጂፍ በአንድ ምስል ከ256 ቀለም በላይ ስለማይዝ ለፎቶ አይሆንም። አይፎን የሚያስቀምጠው ኤችኢአይሲ ደግሞ በብዙ ብራውዘሮች ላይ ስለማይከፈት ከመጫኑ በፊት መለወጥ አለበት።

የትኛውም ዓይነት ቢመረጥ ግን፣ ወርዱ 4,000 ፒክስል የሆነ የስልክ ፎቶ 1,200 ፒክስል በሚበቃው ቦታ ላይ እንዳለ ከተጫነ፣ ጎብኚው ከሚያየው በላይ ዳታ ይከፍላል፤ ስለዚህ በቅድሚያ ወርዱን መቀነስ፣ ከዚያም ፋይሉን መለወጥ ነው።