አላይመንት ከማሰራትህ በፊት ጎማህን ዳብስ

አቦ፣ ጎማህ በአንድ በኩል ብቻ ተበልቶ ካየህ ወዲያው አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ዝንባሌ ማስተካከያ) ቤት አትሩጥ። እኔ ሮጬ ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ። ለካ የብራቾው (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ጎሚኒ አልቆ ኖሯል። የላላ ነገር ላይ የተሰራ አላይመንት ቀጣዩ ጉድጓድ ድረስ ነው፤ ሁለት አዲስ የፊት ጎማ ሄደብኝ።

በጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ንፋሱን በመለካት ጀምር። ድሬዳዋ ላይ ረፋዱ ላይ አስፋልቱ ይግላል፣ የጋለ ጎማ ደግሞ ንፋሱን አብዝቶ ያሳይሃል። ትክክለኛው የንፋስ ልክ በሹፌሩ በር በኩል ተለጥፏል፤ በእሱ ሙላ።

ከዚያ መዳፍህን ጎማው ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ አስኪድ። ሽቦ እንዳይወጋህ ቀስ እያልክ። በአንዱ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ ጥርስ ከያዘህ ችግሩ ቶ ነው፣ ማለትም ሁለቱ የፊት ጎማዎች እንደ ሰው እግር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እያዩ ነው። ጎማ ቶሎ የሚጨርሰው እሱ ነው። ለስላሳ ሆኖ አንድ ጠርዙ ብቻ ካለቀ ካምበርን ጠርጥር፤ ጎማው ወደ ጎን አዘንብሏል። ሁለቱም ጠርዞች ካለቁ ንፋስ አንሶታል፣ መሃሉ ካለቀ በዝቶበታል። እዚህም እዚያም ጎድጎድ ካለ አሞርዛተሩን (ንዝረት የሚያበርደውን) ወይም የጎማውን ባላንስ እይ። በየሳምንቱ በደንገጎ ዳገት ሐረር የምትመላለስ ከሆነ ግን ኩርባው ራሱ የፊት ጎማዎቹን የውጭ ጠርዝ ይበላል። ስለዚህ ትንሽ ስላየህ አትደንግጥ።

ቀጥሎ በክሪክ አንሳና ከስር ደህና መደገፊያ አድርግ። ጎማውን ግራና ቀኝ ይዘህ ነቅንቅ፤ ከተንቀጫቀጨ የመሪው ዘንግ ጫፍ ላልቷል። ላይና ታች ይዘህ ስትነቀንቀው ከሆነ ኩሽኔታው (ጎማው የሚዞርበት) ወይም ቦል ጆይንቱ (ጎማውን ከብራቾው ጋር የሚያገናኘው) ነው። የላላውን ሳትቀይር ወደ ቀጣዩ አትለፍ!

ቶውን ራስህ መለካት ትችላለህ። ከዚራ ሰፈር ካሉት ሜዳ መንገዶች አንዱ ላይ፣ መኪና በማይበዛበት ሰዓት፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ አቁም። በሁለቱም የፊት ጎማዎች የፊት ገጽ ላይ በአንድ ከፍታ በጠመኔ ምልክት አድርግ፤ ሜትሩ ከመኪናው ሆድ ስር ሳይታጠፍ የሚያልፍበት ከፍታ ይሁን። በምልክቶቹ መካከል ለካ። አሁን ጓደኛህ መኪናውን ወደፊት ይግፋልህ። ምልክቶቹ ወደ ኋላ ዞረው በዚያው ከፍታ ሲደርሱ ደግመህ ለካ። የፊቱ ካነሰ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ያያሉ፣ ከበለጠ ወደ ውጭ። በብዙ የቤት መኪና ልዩነቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። 1 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ ጎማህ እየተፋቀ ነው።

አሁን አላይመንት ቤት ሂድ። ከመሰራቱ በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር አሳዩኝ በል። በብዙ ትንንሽ መኪና ፊት ላይ የሚስተካከለው ቶ ብቻ ነው፣ ካምበር ከልኩ ካለፈ የታጠፈ ወይም ያለቀ ዕቃ አለ ማለት ነው። ካስተር (ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚታጠፍበት መስመር ወደፊት ወይም ወደኋላ ማዘንበሉ) ጎማ ብዙም አይበላም፤ ግራና ቀኙ ከተለያየ ግን መኪናው ይጎትታል። ስትወጣ ሜዳ ላይ ንዳው፣ ቀጥ ስትል መሪው ካጋደለ እዚያው ተመለስ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ በጠዋት እንደገና በመዳፍህ ዳብሰው።