ተነጥሎ የኖረን አገር ለተማሪዎች ማስጠናት፦ ቡታን በወሎ ክፍሎች

በደሴ፣ በወልዲያ ወይም በወረኢሉ የጂኦግራፊ ክበብ የሚመሩ መምህራን ከዓለም ተነጥሎ ስለኖረ አገር ጥናት ሲያዘጋጁ ቡታንን ቢመርጡ ይጠቀማሉ። በሰሜን ከቻይናዋ ቲቤት፣ በቀሩት አቅጣጫዎች ከሕንድ ጋር የምትዋሰነው ይህች የሂማሊያ አገር 38,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት፣ የሕዝቧም ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን በታች የሆነ በመሆኑ፣ ክበቡ ሳይቸኩል በአንድ መንፈቀ ዓመት ሊያጠናት ይችላል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥናቱን ከመልክዓ ምድሩ ይጀምሩ። የባንዲራውን ቀለምና የዋና ከተማውን ስም ማስያዝ ቀላል ቢሆንም፣ አገሪቱ ለምን ተነጥላ እንደኖረች አያስረዳም። ከደላንታ ሜዳ ተነሥቶ ወደ በሽሎ ሸለቆ ሲወረድ እህሉ፣ ቤቱና አለባበሱ እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያውቅ ተማሪ በወሎ ክፍሎች አይጠፋም፤ በመጀመሪያ እርሱ የሚያውቀውን በዝርዝር ይናገር። ከዚያ በኋላ ቡታን ከደቡብ ወደ ሰሜን ምን ዓይነት ከፍታ እንዳላት በሰሌዳ ላይ ይሣሉ። ከባሕር ወለል በላይ ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ከፍ ካለው ሞቃትና ደናማ የደቡብ ጠርዝ ተነሥቶ፣ 200 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ 7,570 ሜትር ከፍታ ያለው ጋንግካር ፑንሱም ተራራ ይደረሳል። በመካከሉ ሩዝ የሚዘራባቸው የፓሮና የፑናካ ሸለቆዎች፣ ከእነርሱ በላይ ደግሞ ያክ የተባለውን ፀጉራም የደጋ ከብት የሚያረቡ ሰዎች የሚኖሩበት ተራራማ ምድር አለ። ዝናቡ እንደ ወሎ ሁሉ በክረምት ወራት ይበረታል። ሆኖም ተማሪዎች ንጽጽሩን ከልኩ እንዳያሳልፉ ያስጠንቅቁ፤ በላስታ ያለው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው፣ የበረዶ ግግርም የለውም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፣ አገሪቱን የዘጋት ተራራው ነው ወይስ ሰው የሚለው ነው። ለዚህ የዘመን መስመር ማሠራት ይጠቅማል። ከሕንድ ድንበር ወደ ዋና ከተማዋ ቲምፉ የሚወስደው የመኪና መንገድ የተጠናቀቀው በ1962 ነው፤ ቡታን የተባበሩት መንግሥታት አባል የሆነችው በ1971፣ የውጭ ጎብኚዎችን መቀበል የጀመረችው በ1974፣ ቴሌቪዥንና ኢንተርኔት ያስገባችው ደግሞ በ1999 ነው። ኢትዮጵያ በ1945 ከድርጅቱ መሥራቾች አንዷ እንደነበረች ተማሪዎች በዚያው መስመር ላይ ያስፍሩ። ቡታን ቅኝ አለመገዛቷ የእኛን ተማሪዎች ልብ እንደሚስብ አምናለሁ፤ ነገር ግን በ1910 በተፈረመ ውል የውጭ ጉዳይዋን በብሪታንያ ምክር ለመምራት መስማማቷ አብሮ መነገር አለበት። ዛሬም ቢሆን በሯ የተከፈተው በልክ ነው፤ ከ2023 ጀምሮ ከሕንድ ውጭ ካሉ አገሮች የሚመጣ አብዛኛው ጎብኚ ለያንዳንዱ ሌሊት 100 ዶላር ለመንግሥት ይከፍላል፣ ከ6,000 ሜትር በላይ ያሉ ተራሮችን መውጣትም ከ1994 ጀምሮ ክልክል ነው።

ስለ ሕዝቡ ሲያስጠኑ ቡታናውያንን እንደ አንድ ወጥ ሕዝብ አያቅርቡ። በምዕራብ ንጋሎፕ፣ በምሥራቅ ሻርቾፕ፣ በደቡብ ደግሞ ኔፓልኛ የሚናገሩትና አብዛኞቹ ሂንዱ የሆኑት ልሆትሻምፓ ይኖራሉ። ባህሉን ለማሳየት ከሁሉ የሚሻለው ዞንግ የተባለው ምሽግ ነው፤ በአንድ ግቢ ውስጥ የመንግሥት ጽሕፈት ቤትና የመነኮሳት ገዳም አብረው ስለሚኖሩበት፣ ሃይማኖትና አስተዳደር እንዴት እንደተቆራኙ በዓይን ያሳያል። በሁለት ወንዞች መገናኛ ላይ የቆመው የፑናካ ዞንግ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አገሪቱን አንድ ባደረገው በንጋዋንግ ናምጊያል ዘመን የተሠራ ነው። በብዙ አካባቢ የቤተሰብ መሬት ከእናት ወደ ሴት ልጅ መተላለፉም ሰፊ ውይይት ይገባዋል፤ ምግቡን ግን ቃሪያ በአይብ ተቀቅሎ እንደሚበላ ጠቅሶ ማለፍ ይበቃል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው «የደስታ አገር» የሚለው ዝና ነው። አራተኛው ንጉሥ ጂግሜ ሲንግዬ ዋንግቹክ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሕዝብ ደስታ ከምርት ዕድገት እንደሚበልጥ ማስተማራቸው እውነት ነው፤ የ2008 ሕገ መንግሥትም ከአገሪቱ መሬት ቢያንስ 60 በመቶው ለዘለዓለም በደን እንዲሸፈን ያዛል። ይሁን እንጂ በዚያው ንጉሥ ዘመን፣ በ1980ዎቹ የምዕራቡ የንጋሎፕ አለባበስና ቋንቋ በሁሉም ላይ ሲጫንና የዜግነት ሕጉ ሲጠብቅ፣ ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት ከ100,000 በላይ ልሆትሻምፓ ተባርረው ወይም ሸሽተው በኔፓል የስደተኞች ሰፈሮች ለረጅም ዓመታት ኖረዋል፤ ከ2007 በኋላም አብዛኞቹ በአሜሪካና በሌሎች አገሮች ሰፍረዋል። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በሚገኙበት በወሎ ያደገ ተማሪ፣ አንድን አለባበስና አንድን ቋንቋ በሁሉም ላይ መጫን ምን እንደሚያስከትል ለመጠየቅ ቅርብ ነው፤ ጥያቄውን ሳያቋርጡ ያስተናግዱት።

በመጨረሻ ክበቡ ለትምህርት ቤቱ ዐውደ ርእይ ሲያዘጋጅ፣ ከያንዳንዱ ሥዕል ሥር ቦታውና ዓመቱ ይጻፍ፤ ከዞንጉና ከቡታናውያን የጭምብል ጭፈራ ሥዕል ጎንም የስደተኞቹ ሰፈር ፎቶግራፍ ይሰቀል።