ጣናን በጀልባ፦ ደሴቶቹንና ዘጌን እንዴት መጎብኘት ይቻላል

ባሕር ዳር የገባ እንግዳ ብዙ ጊዜ ቁርሱን በዝግታ በልቶ አራት ሰዓት ላይ ወደ ጀልባው ይወርድና «ገዳማቱን ሁሉ አሳዩኝ» ይላል። ስምንት ሰዓት ላይ ልብሱ ርሶ፣ ሁለት ገዳም እንኳ በቅጡ ሳያይ ይመለሳል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሠላሳ ሰባት ያህል ደሴቶች አሉት፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2015 ከነዳርቻው የባዮስፌር ክልል ብሎ መዝግቦታል። በአንድ ቀን የሚዳረስ አይደለም፤ ስለዚህ ምረጡ።

ወቅቱ ቀላል ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ የካቲት ጥሩ ነው። በክረምት ዶፉ ድንገት ይወርዳል፣ ወንዞቹ ደለል ያስገቡበትና ውኃው ይደፈርሳል፣ የዘጌ የእግር መንገድም ያንሸራትታል። ከመነሳታችሁ በፊት የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታና የትኛው መስመር ክፍት እንደሆነ ከሰፈሩ ሰው አጣሩ።

ዋናው ጉዳይ ነፋሱ ነው። ጠዋት ሐይቁ ርግት ያለ ነው፤ ፀሐይ ከፍ ሲል የብሱ ከውኃው ፈጥኖ ይግልና ነፋስ ይነሳል። የጣና ጥልቀት ትልቁ ቢባል ከ14 እስከ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ እንዲህ ሰፍቶ ጥልቀቱ ያነሰ ሐይቅ ላይ ደግሞ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ጀልባው አንዱን ወጥቶ ሳይደላደል ሌላው ይመታዋል። ስለዚህ አንድ ሰዓት ላይ፣ ቢዘገይ አንድ ተኩል ላይ ከባሕር ዳር ተነሱ፤ ሩቁን መጀመሪያ፣ ቅርቡን በመመለሻ አድርጉ። ደብረ ማርያም ከከተማው አፍንጫ ሥር ናት፤ እሷን በጠዋት ማየት ጥሩውን ሰዓት ማባከን ነው። ከስምንት ሰዓት በፊት ከሰፊው ውኃ መውጣት አለባችሁ። ባለ ጀልባው «ትንሽ እንጠብቅ፣ ነፋሱ ይበርድ» ካለ አትከራከሩት፤ «ምንም አይል» የሚለውን ነው መፍራት።

በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ደቅና ዳጋ ደሴቶች ግን በተራ ጀልባ መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል ከዘጌ ጋር በአንድ ቀን አታጣምሯቸው። የመጀመሪያ ጉዞ ከሆነ የእኔ ምርጫ ዘጌ ነው፣ ሲመለሱ ክብራንና እንጦስ ደሴቶች።

ሰዓቱን የሚያምታታ ሌላ ነገር ቅዳሴ ነው። እሑድና በበዓል ቀን ቅዳሴው በማለዳ ስለሆነ በጠዋት የደረሰ ጎብኚ ደጅ ላይ ይቆማል። በጾም ቀን ግን ቅዳሴው ወደ እኩለ ቀን ይሸሻል። ስለዚህ ረቡዕ ወይም ዓርብ ጠዋት ሐይቁም ረጋ ያለ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑም ለጎብኚ ይመቻል። የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት በዓል ስለሆነ የዘጌው ገዳም ኡራ ኪዳነ ምሕረት በምእመናን ይሞላል፤ ለማክበር ከሆነ ሂዱ፣ ሥዕል ለማየት ከሆነ ሌላ ቀን።

ጀልባ ስትከራዩ የምትቆሙባቸውን ቦታዎች በስም ጥሩ፤ በየቦታው ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ፣ ነዳጁ በዋጋው ውስጥ መሆኑን፣ አስጎብኚው ለብቻው የሚከፈል መሆን አለመሆኑን ተነጋገሩ። «ደሴቶቹን» ብሎ መስማማት ጠብ ማምጣት ነው። ግማሹን ሲነሱ፣ ግማሹን ሲመለሱ መክፈል ይሻላል። የሕይወት አድን ጃኬቱን በሰው ልክ ቁጠሩ፣ ልበሱት፣ መቆለፊያውን ቆልፉት፤ መቀመጫ ሥር ታስሮ የተቀመጠ ጃኬት እንደሌለ ነው። የየገዳሙ መግቢያ በየበሩ ስለሚከፈል ዝርዝር ብር ያዙ። ውኃና ቆሎም እንዲሁ።

አብረው የሚሄዱት ወንድና ሴት ከሆኑ ይህን አስቀድማችሁ ዕወቁ፦ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም። ክብራንና እንጦስ ግን ጎን ለጎን ስለሆኑ ወንዶቹ ክብራን ሲወጡ ሴቶቹ እንጦስ ኢየሱስን ማየት ይችላሉ። ደቅ ለሚሄድም ናርጋ ሥላሴ አለች፤ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናት፣ ራሳቸውም ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው ተሥለውባታል።

ዘጌ ከወረዳችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ድረስ ሩብ ሰዓት ያህል ዳገት ነው፤ ግራና ቀኙ የቡና ጫካ፣ ጦጣና ትንንሽ ታንኳ ሻጭ። ዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ በልማድ ክልክል ስለሆነ ነው ጫካው እስከዛሬ የቆየው፤ ይህንም ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዙታል። ድንጋዩ ስለሚያዳልጥ ሸበጥ አይሆንም፤ ቢሆንም ማሰሪያው ብዙ የሆነ ጫማ አታድርጉ፣ በየበሩ ታወልቁታላችሁና።

ገዳሙ ውስጥ ቁምጣ አይገባም፤ ሴት ነጠላ ትያዝ። ወንድ በሰሜን በር፣ ሴት በደቡብ በር ነው። መነኩሴ ስታገኙ «አባ ይፍቱኝ» ብላችሁ መስቀል ተሳለሙ፣ ፎቶውን ከዚያ በኋላ ጠይቁ። ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው፤ ሕንፃው ክብ ስለሆነ ዙሩት። ብልጭታ ክልክል ነው፣ የሚያስፈልግም አይደለም፤ ጠባቂውን ትልቁን የእንጨት በር ወለል አድርጎ እንዲከፍተው ለምኑት፣ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ሁለት ደቂቃ ቁሙ። ያኔ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነጭ ፈረስ ከሁሉ ቀድሞ ይታያል። ሥዕሉን በእጅ አትንኩ፤ የተሣለው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ስለሆነ ጠርዙ ይላጣል።

ስትመለሱ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጉማሬ ልታገኙ ትችላላችሁ። ባለ ጀልባውን በጉማሬውና በጥልቁ ውኃ መካከል እንዳይገባ ንገሩት፤ ጉማሬ ጠልቆ በሌላ በኩል ነው ብቅ የሚለው። ደንገል ታንኳ መሞከር ካማራችሁ እዚያ ሳይሆን ዳር ላይ ይሁን፤ ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ፀሐይ ላይ ቆሞ የደረቀውን ምረጡ።

እግራችሁን ሐይቁ ውስጥ አትንከሩ፣ በተለይ ደንገልና ሣር ባለበት ዳር። ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው እዚያ ነው። ከገባችሁ ወዲያው በፎጣ አድርቁ፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይታችሁም የሰገራ ምርመራ አድርጉ። በዚያው ሳምንት ብትመረመሩ እንቁላሉ ገና አይታይም።