የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርሶች በማሰላሰያ ሱፐርቪዥን ራሳቸውን እንዴት ይንከባከባሉ?

በጽኑ ሕሙማን ክፍል የምትሠራ ነርስ መድኃኒት በፓምፕ ትሰጣለች፣ የመተንፈሻ መሣሪያውን ትከታተላለች፣ በር ላይ የቆመ ቤተሰብ «ሲስተር፣ ይተርፋል?» ሲላትም መልስ መስጠት ይጠበቅባታል። ሕመምተኛው ካረፈ አስከሬኑን አዘጋጅታ ብዙ ጊዜ በዚያው ፈረቃ ሌላ ትረከባለች፤ ለማዘን የተመደበ ሰዓት በተረኝነት ሠንጠረዡ ላይ የለም። የማሰላሰያ ሱፐርቪዥን ነርሷ ከሠለጠነች ባልደረባዋ ጋር ተቀምጣ ስለሥራዋና ሥራው ስላሳደረባት ጫና የምትነጋገርበት ቋሚ ቀጠሮ ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ ጤና አገልግሎት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በማርች 2021 ይህን ድጋፍ የሚሰጡ ነርሶችን ማሠልጠን ሲጀምር ቅድሚያ የሰጠው በኮቪድ ለተዳከሙት የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ነበር።

የመጀመሪያው ሥራ አወያይ መምረጥ ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ ሊጠነቀቁበት የሚገባውም ይኸው ነው። አወያይዋ የነርሷን የሥራ አፈጻጸም ምዘና የምትሞላ ኃላፊ መሆን የለባትም። በእኛ አገር ጤና ተቋማት ሱፐርቪዥን ሲባል ቼክሊስት ይዞ የሚመጣ ቡድን ስለሚታሰብ፣ ነጥብ የሚሰጥበት ነገር እንደሌለ ገና ከጅምሩ በግልጽ ሊነገር ይገባል። የተነገረው ሁሉ በምስጢር እንደሚያዝ፣ ሆኖም በሕመምተኛ ወይም በነርሷ ሕይወት ላይ አደጋ ካለ ለሚመለከተው አካል እንደሚነገር አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ሰዓትና ቦታ ይወሰናል። ውይይቱ በሥራ ሰዓት ውስጥ፣ ሌላ ነርስ ተክታት ሕመምተኞቿን እየጠበቀችላት፣ የሞኒተር ድምፅ በማይሰማበት ክፍል ቢደረግ ይመረጣል። በወር አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ያህል ቢሆን ጥሩ ጅምር ነው። ከአዳር ተረኝነት በኋላ ግን መቀጠር አይገባም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ማሰላሰል አይችልም።

በውይይቱ ላይ አንድ ገጠመኝ ብቻ ይነሣል። የትምህርት ባለሙያው ግራሃም ጊብስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 ያቀረበው ስድስት ደረጃ ያለው የማሰላሰል ዑደት ለዚህ ይመቻል፦ ምን ሆነ፣ ምን ተሰማሽ፣ ምኑ መልካም ምኑስ መጥፎ ነበር፣ ለምን እንዲህ ሆነ፣ ሌላ ምን ማድረግ ይቻል ነበር፣ ወደፊትስ ምን ይደረግ። ነርሶች በፈረቃ ርክክብ የሆነውን ብቻ መናገር ስለለመዱ ሁለተኛውን ጥያቄ ዘለው ማለፍ ይቀናቸዋል። «ሲፒአር (የቆመ ልብን ለማስነሣት ደረት መጫን) ሠራን፣ አልተመለሰም» ብላ የምትጨርስ ነርስ «የሟቹ ልጅ ኮሪደር ላይ ሲያይሽስ?» ስትባል ዝም ልትል ትችላለች። አወያይዋ ያን ዝምታ በምክር መሙላት ወይም «አይዞሽ፣ ይለመዳል» ማለት የለባትም፤ ታግሣ ትጠብቅ። ብዙ ጊዜ ነርሷን የሚከብዳት ሞቱ ሳይሆን፣ ተስፋ እንደሌለው እያወቀች ሕክምናው እንዲቀጥል መታዘዟ ወይም ለቤተሰቡ በጊዜው አለመነገሩ ሆኖ ይገኛል። በእጇ የነበረውንና ያልነበረውን ለይታ እንድታይ የምትረዳት አወያይ ትልቁን ሥራ ሠርታለች።

ከዚያ አንድ የሚፈጸም ነገር ይያዛል፤ ለምሳሌ፣ በጠዋቱ የሐኪሞች ዙር ላይ «ለቤተሰቡ ማን ይነግራል?» የሚለውን ጥያቄ ማንሣት። ማስታወሻ ከተያዘ የሕመምተኛ ስም አይጻፍበት። ችግሩ የነርስ እጥረት ከሆነ ደግሞ አወያይዋ ስም ሳትጠራ ለነርሶች ኃላፊዋ ለማትሮኗ ማቅረብ አለባት፤ አንዲት ነርስ ከአቅሟ በላይ ሕመምተኞች እየተሰጧት በውይይት ብቻ እንድትጽናና መጠበቅ ፍትሕ አይደለም።

ይህ ውይይት ሕክምና አይደለም። ቅዠትና እንቅልፍ ማጣት ለሳምንታት ከቀጠለ፣ ወይም ነርሷ ለመርሳት ስትል መጠጥ ካዘወተረች፣ ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ትላክ። ራሷን ለመጉዳት ማሰቧን ከተናገረች አወያይዋ ብቻዋን ሳትተዋት በዚያው ዕለት ከባለሙያ ጋር ታገናኛት።