ፋይልዎን ከቫይረስና ከድንገተኛ ጥፋት የሚጠብቁበት መንገድ

በደብረ ብርሃን የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች የብዙ ሰው ፍላሽ በቀን ውስጥ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ስለሚሰካ፣ ቫይረስ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይዛመታል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ለሕትመት የሚወጣውን ፍላሽ መጠባበቂያ (ባክአፕ፣ ማለትም የፋይሉ ተጨማሪ ቅጂ) ከሚቀመጥበት ዲስክ ፈጽሞ ይለዩ። በፍላሹ ላይ የሚታተመው ፋይል ብቻ፣ ቢቻል በፒዲኤፍ፣ ይኑር፤ ሲመለስም ከመከፈቱ በፊት በአንቲቫይረስ ይፈተሽ። ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ ምልክት) ሆነው ከታዩ አንዱንም አይጫኑ። በዚህ ጊዜ ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸዋል። ፍላሹን ፎርማት ለማድረግ፣ ማለትም ያለበትን ሁሉ ለማጥፋት፣ ከመቸኮል ይልቅ ቫይረሱን ካጸዱ በኋላ፣ በዊንዶውስ የፎልደር አማራጮች ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችንና የሲስተም ፋይሎችን የሚያሳዩትን ምርጫዎች ቢያስተካክሉ መልሰው ሊያገኟቸው ይችላሉ።

ስለ መጠባበቂያው ራሱ በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው ደንብ ፋይሉ በ3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ ቢያንስ 1ዱ ደግሞ ከቤት ውጭ እንዲቀመጥ ይመክራል። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህ ማለት ዋናው በላፕቶፑ፣ ሁለተኛው በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው በኢንተርኔት ማከማቻ፣ ወይም ደብረ ሲና ወይም መሐል ሜዳ ባለ ዘመድ ቤት ይሆናል። ጉግል ድራይቭ በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለጽሑፍና ለሰነድ ከበቂ በላይ ነው፤ ለቪዲዮ ግን አይበቃም።

ብዙ ሰው ቸል የሚለውና እኔ አጥብቄ የማሳስበው ዲስኩን ሁልጊዜ ሰክቶ አለመተው ነው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ የተዛመተው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ፋይሎችን ቆልፎ የማስከፈቻ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር፤ እንዲህ ያለው ቫይረስ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ ያገኘውን ዲስክ ጭምር ይቆልፋል። ስለዚህ ይሰኩ፣ ኮፒ ያድርጉ፣ በኮምፒውተሩ ትእዛዝ አላቅቀው ይንቀሉ። ከኢንተርኔት ማከማቻ ጋር በራሱ የሚመሳሰል ፎልደርም ቢሆን የተበላሸውን ፋይል በደህናው ላይ ሊተካው ስለሚችል ብቻውን አይበቃም።

ኮፒ በሚደረግበት መካከል መብራት ቢጠፋ ፋይሉ ጎዶሎ ሊቀር፣ አንዳንዴም ዲስኩ ራሱ ሊበላሽ ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን አስቀድመው ይሙሉ፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ትልቅ ፋይል አያንቀሳቅሱ። ፋይሉ ከ4 ጊጋባይት በላይ ሆኖ ፍላሹ አልቀበልም ካለ ችግሩ የቦታ ማነስ ላይሆን ይችላል፤ ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው የቆየ የፋይል አቀማመጥ ሥርዓት ፎርማት የተደረገ ከሆነ ከዚያ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይይዝም።

አዲሱን ቅጂ በአሮጌው ላይ ከመጻፍ ይልቅ ፎልደሩን በወሩና በዓመቱ ይሰይሙት፤ የፋይል መበላሸት ዘግይቶ ሊታወቅ ስለሚችል ያለፈው ወር ቅጂ ያኔ ይፈለጋል። ኮፒው ካለቀ በኋላም ሁለት ሦስት ፋይሎችን ከዲስኩ ላይ፣ በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር፣ ከፍተው እስከ መጨረሻው ገጽ ይመልከቱ፤ አልከፈት ያለ ካለ ዋናው በእጅዎ ሳለ እንደገና ኮፒ ያድርጉት።